የማህፀን በር ቆብ፦ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

«መርፌው የወር አበባዬን አዛባብኝ፤ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ደግሞ ራሴን ያመኛል። ሆርሞን የሌለበት መከላከያ የለም ወይ?» የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በሚሰጥባቸው ክፍሎች ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖር እህት «ሰርቪካል ካፕ የሚባል አለ፤ ራስሽ የምታስገቢው፣ ሆርሞን የሌለው» ብላ በስልክ ስትናገር ደግሞ ልብ ይነሳሳል። በዚህ ጽሑፍ የማህፀን በር ቆብ የምንለው ይህንኑ ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ቆቡ ለጥቂት ሴቶች የሚስማማ፣ ለብዙዎቹ ግን የማይበቃ መከላከያ ነው። በተለይ በምጥ የወለደች እናት እሱን ብቻ ተማምና እንድትቀመጥ አልመክርም። እርስዎ ከጥቂቶቹ ወገን ይሁኑ አይሁኑ ለመለየት የሚከተሉትን ነጥቦች ረጋ ብለው ይመልከቱ።

በመጀመሪያ፣ ምን እንደሆነ ይለዩ

ቆቡ ከለስላሳ ሲሊከን የተሠራ፣ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ትንሽ ኮፍያ የሚመስል ዕቃ ነው። በብልት በኩል ገብቶ የማህፀንን በር በመሸፈን የወንድ ዘር ወደ ማህፀን እንዳይዘልቅ ይከለክላል። ብቻውን ግን አይበቃም። ከዘር ገዳይ ጄል ጋር አብሮ ነው የሚሠራው፤ በጎን አምልጦ የሚያልፈውን ዘር ጄሉ ያደክመዋል። በስፋት የሚታወቀው ፌምካፕ የተባለው ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2003 አጽድቆታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከእሱ በፊት በ1988 የተፈቀደው ፕሬንቲፍ የሚባለው የላቴክስ ጎማ ቆብ ከ2005 ወዲህ ከገበያ ወጥቷል። ስለዚህ በቆዩ መጻሕፍት ላይ ስለ ቆብ የሚያነቡት ሁሉ ዛሬ ስለሚገኘው ዕቃ ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ መምታታት አለ። ለወር አበባ የሚያገለግለው የሲሊከን ኩባያ በመልክና በቁስ ከቆቡ ጋር ይመሳሰላል። ኩባያው ደም ለመቀበል ብቻ የተሠራ ነው፤ እርግዝናን ፈጽሞ አይከላከልም። «ሁለቱም ሲሊከን ነው፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ ይገባል» ብሎ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ቆቡ አዲስ ነገር አይደለም። ፍሪድሪክ ቪልደ የተባለ ጀርመናዊ የማህፀን ሐኪም በ1838 የሴቲቱን የማህፀን በር ቅርጽ በሰም እየወሰደ በልኳ የጎማ ቆብ ያሠራ ነበር። የወሊድ ቁጥጥር ተሟጋቿ ሜሪ ስቶፕስ በ1921 ለንደን ውስጥ በከፈተችው ክሊኒክም በዋናነት ለሴቶች ይሰጥ የነበረው መከላከያ ይኸው ቆብ ነው። ስሟን ይዞ በ1990 ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረውን ድርጅት ግን ሰው የሚያውቀው በመርፌ፣ በክንድ ሥር በሚቀበረውና በማህፀን ውስጥ በሚቀመጠው ሉፕ ነው። የተሻለ የሚከላከል ሲመጣ ቆቡ ቦታውን ለቀቀ።

ወልደው ያውቃሉ?

ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ የቆቡ አስተማማኝነት በዚህ መልስ ላይ ስለሚንጠለጠል። ወልደው ከማያውቁ 100 ሴቶች ቆቡን ለአንድ ዓመት ቢጠቀሙ 14 ያህሉ ያረግዛሉ። ወልደው ከሚያውቁት ውስጥ ግን የሚያረግዙት ወደ 29 ያህል ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በምጥ የተከፈተ የማህፀን በር ተመልሶ ቢዘጋም እንደ ቀድሞው ክብና ጠባብ ሆኖ አይቀርም፤ አፉ ይሰፋል፣ ቅርጹም ይለወጣል፤ ቆቡም አጥብቆ ለመያዝ ይቸገራል።

29 ከ100 የሚለውን ቁጥር እንደ ዋዛ አይለፉት። ይህ ልክ ሳይቀንስ ለሁለተኛ ዓመት ቢቀጥል፣ ከተጠቃሚዎቹ እናቶች ግማሽ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ አርግዘው ይገኛሉ ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ሰዎች በተለምዶ በሚጠቀሙበት ሁኔታ በዓመት ከ100 ሴቶች በመርፌ 4፣ በእንክብል 7፣ በወንድ ኮንዶም 13 ያህሉ ያረግዛሉ። በመዳብ ሉፕ ግን ከ100 አንዷም አትሞላም፤ በክንድ ሥር በሚቀበረው ደግሞ ከ1,000 አንዷ ያህል ናት። ቆቡ ላልወለደች ሴት የኮንዶም ያህል ሲያገለግል፣ ለወለደች እናት ከኮንዶም በእጅጉ ያንሳል።

የቆቡ መጠንም የሚመረጠው በዚሁ ታሪክ ነው። ፌምካፕ በሦስት ልክ ይመጣል፦ አርግዛ ለማታውቅ 22 ሚሊ ሜትር፣ አርግዛ ውርጃ ለገጠማት ወይም በቀዶ ሕክምና ብቻ ለወለደች 26፣ በምጥ ለወለደች 30። ስለዚህ ለባለሙያው ታሪክዎን ሳይደብቁ መንገር አለብዎት። ባልም ሆነ ቤተሰብ የማያውቀው ጽንስ ማቋረጥ ኖሮ ከሆነ ለብቻዎ ሆነው ይናገሩ፤ የተደበቀ እርግዝና የተሳሳተ ልክ ያሰጣል። ልኩን በግምት መርጦ በኢንተርኔት ማዘዝ ወይም ከጓደኛ መዋስ የማይታሰብ ነው። ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ሳይሞላ ቆብ አይደረግም፤ በፊት የነበረዎት ቆብም ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ በባለሙያ ሳይታይ ተመልሶ አይገባም።

ቢያረግዙ ምን ይሆናል?

ለሁለት ዓመት ማራራቅ ፈልገው በአንደኛው ዓመት ቢያረግዙ «እግዜር ሰጠ» ብለው ለሚቀበሉ ባልና ሚስት የቆቡ ድክመት ሊታገሡት የሚችሉት ነው። እርግዝና ሕይወትን አደጋ ላይ ለሚጥልባት ሴት ግን ቆቡ ብቻውን መልስ አይሆንም። በሩማቲክ የልብ ሕመም የምትከታተል ወጣት፣ የደም ግፊቷ እጅግ ከፍ ያለባት፣ ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮዌት የምትወስድ ሴት (ይህ መድኃኒት ጽንስን ክፉኛ ይጎዳል) ከዚህ የበረታ መከላከያ ያስፈልጋቸዋል። ከእነዚህ ወገን ከሆኑ የቆቡን ነገር እዚህ ላይ ይተዉትና ወደሚከታተልዎት ሐኪም ይሂዱ።

ኤችአይቪ፦ ሊዘለል የማይገባው ነጥብ

ቆቡ ከኤችአይቪም ሆነ ከሌሎች በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፉ በሽታዎች አይከላከልም። ይህን ብዙዎች ይገምቱታል። የማይገምቱት፣ አብሮት ያለው ጄል ጭራሽ ተጋላጭነትን ሊጨምር እንደሚችል ነው።

በአብዛኞቹ ዘር ገዳይ ጄሎች ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ኖኖክሲኖል-9 ይባላል። የወንድ ዘርን የሚያጠፋው የሕዋሱን ሽፋን በማፍረስ ነው፤ ግን የብልትን የውስጥ ሽፋንም አይምርም። ደጋግመው ሲጠቀሙበት ሽፋኑን ያስቆጣል፣ ጥቃቅን ቁስሎችም ይፈጥራል፤ በእነዚያ በኩል ቫይረሱ በቀላሉ ይገባል። አንድ ጊዜ ኤችአይቪን ይከላከል ይሆናል የሚል ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በአፍሪካና በታይላንድ በወሲብ ሥራ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይ የተደረገውና ውጤቱ በ2000 ይፋ የሆነው ጥናት ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ ደጋግመው የተጠቀሙት ሴቶች ይበልጥ ተጠቁ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ለኤችአይቪ ከፍ ያለ ተጋላጭነት ያላቸው ሴቶች ይህን ጄል፣ ስለዚህም ቆቡን፣ እንዳይጠቀሙ ይመክራል። ቫይረሱ በደማቸው ላለባቸውም ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ አይመከርም።

«እኔ ተጋላጭ አይደለሁም» ከማለትዎ በፊት ባልዎ ወይም ጓደኛዎ ራሱ ተመርምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። የትዳር ጓደኛ ለሥራ ለወራት ርቆ የሚቆይ ከሆነ ጥያቄው የበለጠ ይከብዳል። ባልን መጠርጠር ይመስላል ብለው አይፈሩ፤ አብሮ መመርመር የሁለት ሰው ጤና ነው። እርግጠኛ መሆን ካልቻሉ ኮንዶም ይቅደም።

የማህፀንዎ በር ጤናማ ነው?

የማህፀን በር ካንሰር ወይም የቅድመ ካንሰር ለውጥ ያለባት ሴት ቆቡን መጠቀም የለባትም። በአገራችን መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች የቅድመ ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል፤ የማህፀኑን በር በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን የማየቱ ምርመራ አጭር ጊዜ ነው የሚወስደው። ቆብ ባይመርጡ እንኳ ይህን ምርመራ አይለፉት።

በብልት ወይም በማህፀን ላይ ያልዳነ ኢንፌክሽን ካለ አስቀድሞ መታከም አለበት። ማህፀን ክፉኛ ወደ ታች የወረደባት ሴት ቆቡን በቦታው ማቆየት አትችልም። የብልቱ መግቢያ በግርዛት ወይም በመሰፋት ለጠበበባትም ማስገባቱ ራሱ ሕመም ነው፤ ይህን ለባለሙያው መንገር አያሳፍርም።

ገላዎን በጣትዎ መመርመር ይችላሉ?

ብዙዎቻችን ብልታችንን በስሙ እንኳ ሳንጠራው ነው ያደግነው። ቆቡ ደግሞ በየጊዜው በራስ ጣት ወደ ውስጥ ገብቶ የማህፀንን በር መዳሰስን ይጠይቃል። ይህን መለማመድ ነውር የለበትም፤ የራስን አካል ማወቅ ነው። ግን በግንኙነቱ ዕለት ሌሊት በጥድፊያ የሚማሩት አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቁጢጥ ይበሉ ወይም አንድ እግርዎን ዱካ ላይ ያድርጉና ጣትዎን አስገብተው የማህፀንዎን በር ይፈልጉ፤ ሲነካ እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንከር ያለ ነው። ከዚያ በቆቡ ጎድጓዳ ውስጥ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል ጄል፣ በክፈፉ ዙሪያ ስስ ቅብ፣ በወዲያኛው ጎን በጉልላቱና በክፈፉ መካከል ባለው ስርጉድ ውስጥ ደግሞ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል ያድርጉ። ክፈፉን በጣት ጨምቀው፣ ረጅሙን ጎን አስቀድመው ወደ ኋላና ወደ ታች እየገፉ ያስገቡ። በመጨረሻ በጣትዎ ዙሪያውን ይዳስሱ፤ የማህፀኑ በር ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል? መልሱ «ይመስለኛል» ከሆነ አልተሸፈነም ብለው ይቁጠሩት።

ማስገባት ያለብዎ ግንኙነቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና ስሜት ሳይነሳሳ ነው። ለማውጣትም ዘዴ አለው። በጉልበት እየሳቡ ከመታገል ይልቅ ቁጢጥ ብለው ጉልላቱን በጣት ጫፍ ገፋ ያድርጉት፤ አጥብቆ የያዘው አየር ይለቃል። ከዚያ በቆቡ ላይ ያለውን የማውጫ ማሰሪያ በጣትዎ ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡ። በባለሙያ ፊት አንድ ጊዜ አስገብተውና አውጥተው ሳያዩ ከክሊኒኩ አይውጡ። በልምምዱ ሳምንታትም ኮንዶም አብረው ይጠቀሙ።

6 ሰዓትና 48 ሰዓት

ከመጨረሻው ግንኙነት በኋላ ቆቡ ቢያንስ 6 ሰዓት በቦታው መቆየት አለበት። ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ግን ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። በመካከል ሌላ ግንኙነት ካለ አያወጡትም፤ ቦታውን መያዙን ይዳስሱና ተጨማሪ ጄል ያደርጋሉ። በወር አበባ ጊዜ ፈጽሞ አይደረግም።

የ48 ሰዓቱ ገደብ ለንጽሕና ብቻ የተባለ አይደለም። ዕቃው ውስጥ ሲቆይ፣ በተለይም ደም ሲጠራቀም፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ተራብተው መርዝ ወደ ደም ሊለቁ ይችላሉ። እምብዛም የማይከሰት ግን ሊገድል የሚችል ሕመም ነው። ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ፀሐይ ያቃጠለው የመሰለ የቆዳ መቅላት፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ራስ ማዞር ወይም መሳት ከታየብዎ ቆቡን አውጥተው ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ቆብ እንደተጠቀሙም ይንገሩ። ከዚህ በፊት ይህ ሕመም ገጥሟት የሚያውቅ ሴት ቆብ አትጠቀምም። እርስዎን ወይም ባልዎን የሚያቃጥል ወይም የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጄሉ ነው፤ ታግሠው አይቀጥሉ።

ቆቡና ጄሉ ከየት ይመጣሉ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ቆቡ በመደበኛነት በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ከሚታደሉት መከላከያዎች መካከል የለም። በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች 41 በመቶ ያህሉ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ 27 በመቶው በመርፌ፣ 9 በመቶው በክንድ ሥር በሚቀበረው። ባለሙያዎቹም የሠለጠኑት በዚሁ ነው።

ከውጭ የሚላክልዎት ዘመድ ቢኖር እንኳ ቆቡ አንድ ጊዜ የሚገዛ አይደለም። በየዓመቱ ገደማ መቀየር አለበት፤ ጄሉም ያልቃል። ጄል ያለቀበት ቆብ ደግሞ ግማሽ መከላከያ ነው። ቀጣዩ ጄል ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ መጀመር፣ መንገድ ላይ የሚያቆመውን መኪና መሳፈር ነው።

አሜሪካ የሚኖሩ እህቶች ሁኔታቸው ይለያል። እዚያ ቆቡ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ሲሆን፣ በ2010 በወጣው የጤና መድን ሕግ መሠረት አብዛኞቹ የግል መድኖች የተፈቀዱትን የመከላከያ ዓይነቶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍኑ ይገደዳሉ። ወደ ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ቆቡ በእጃቸው መኖሩን ይጠይቁ፤ ሁሉም ቦታ አይገኝም። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለዎት። ልጅዎን ወይም የባልዎን ዘመድ አስተርጓሚ አያድርጉ፤ እንዲህ ያለው ነገር በእነሱ ፊት አይነገርም።

ባልዎ ያውቃል?

ቆቡ በሴት እጅ ያለ መከላከያ መሆኑ አንዱ መልካም ጎኑ ነው። ነገር ግን ለመደበቅ አመቺ አይደለም፤ አንዳንድ ወንዶች ይሰማቸዋል፣ ጄሉም ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ባልዎ መከላከያ እንዳይጠቀሙ የሚያስገድድና የሚያስፈራራ ከሆነ መርፌው ወይም ሉፑ የተሻለ ይሸሸጋል፤ ባለሙያውም ምስጢርዎን የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ሆርሞንን የሸሹት ለምንድን ነው?

የጡት ካንሰር ኖሮባት ሐኪም ከሆርሞን የከለከላት ሴት ምክንያቷ የማያከራክር ነው። «መካን ያደርጋል»፣ «ያልወረደው ደም ውስጥ ይጠራቀማል» ብሎ መስጋት ግን መሠረት የለውም። በመርፌ የቆመ የወር አበባ የትም አይጠራቀምም፤ ማህፀን የሚያወርደው ሽፋን ስላልሠራ ነው። ሦስት ወር የሚቆየውን መርፌ ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ይዘገያል እንጂ አያመክንም። በክንድ ሥር የሚቀበረው ሲወጣ ደግሞ የማርገዝ ዕድል ወዲያው ይመለሳል።

ፍላጎትዎ በእውነት ሆርሞን የሌለው መከላከያ ከሆነ፣ ከቆቡ በፊት ስለ መዳብ ሉፕ ይጠይቁ። ምንም ሆርሞን የለውም፤ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይገባል፤ በፈለጉ ጊዜ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባን ሊያበዛና ቁርጠት ሊያመጣ ይችላል፤ ደም ማነስ ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። ሉፑ ወደ ልብ ይሄዳል የሚባለው ሐሰት ነው፤ ከማህፀን ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ የለም።

ቆቡ ቢንሸራተት

ቦታውን ለቆ ካገኙት፣ ከ6 ሰዓት በፊት ከወጣ ወይም ጄሉ ከተረሳ ሳይዘገዩ ድንገተኛ መከላከያ ይውሰዱ። በከተማ ፋርማሲዎች ፖስት ፒል በሚል ስም የሚሸጠው እንክብል በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። የመዳብ ሉፕም በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከእንክብሉ በተሻለ ያድናል። የወር አበባዎ ከዘገየ ግን ይመርመሩ የሚልዎትን ሰው ሳይጠብቁ የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ።

እንግዲህ ወልደው የማያውቁ፣ ለኤችአይቪ የማይጋለጡ፣ ሐኪም ሆርሞን የከለከለዎት ወይም እርስዎ አስበውበት የተዉት፣ ሉፕም የማይስማማዎት፣ ጄሉን ሳያቋርጡ ማግኘት የሚችሉና ድንገት ቢያረግዙ ሕይወትዎ የማይናጋ ከሆነ ቆቡን ይሞክሩት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን አቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው የመዳብ ሉፕ፣ እሱ የማይስማማዎት ከሆነም ሌላ መከላከያ እንዲያዩልዎት ይጠይቁ።